ምን ሆነ? ስለ ምንስ ነው?

ከጅዳና ከመካ ከሚደርሱን ጽሑፎች መካከል «የእኔ ሕይወት ፊልም ይወጣዋል» የሚሉ ጥቂት አይደሉም። እውነት ነው፣ ይወጣዋል። ነገር ግን አብዛኞቹ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተነስተው ማዳም የተናገረችውን፣ ያልተከፈለውን ደመወዝ፣ የታጣውን እንቅልፍ በተራ ይቆጥራሉ። መከራ ሲቆጠር ያሳዝናል እንጂ ገና ታሪክ አልሆነም። የጎደለውን በሁለት ፊልሞች እንመልከት።

የሳዑዲዋ ሃይፋ አል መንሱር «ወጅዳ» የተባለውን ፊልም ያሳየችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ሪያድ የምትኖር አንዲት ልጅ ብስክሌት መግዛት ትፈልጋለች። ገንዘብ የላትም፤ ብስክሌት ለሴት ልጅ አይገባም ይሏታል። ስለዚህ ሽልማቱን ብላ የቁርአን ውድድር ትገባለች። ማን፣ ምን ፈለገች፣ ምን ከለከላት? ይህ መነሻ ሐሳብ ይባላል። ጭብጡ ግን ብስክሌት አይደለም፤ ልጅቷ ባደገችበት ሰፈር እንደ ልቧ መሄድ ትችላለች ወይ የሚለው ነው። (ዳይሬክተሯ ራሷ መንገድ ላይ ከወንዶች ጋር መሥራት ስላልተቻላት መኪና ውስጥ ተቀምጣ በሬዲዮ ነበር የምታዝዘው። ያኔ በአገሩ ሲኒማ ቤት አልነበረም፤ የተከፈተው በ2018 ነው።)

ከአገራችን ደግሞ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል የታየ ነው። እናቱ የሞተችበትን ኤፍሬምን አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ይሄዳል። አጎቱ የልጁ በግ ለበዓል ትታረድ ሲል ልጁ ሊያድናት ይነሳል። መነሻው ይኸው ነው። ልጇን ለእናቷ ትታ የመጣች እህት ብታየው ግን «ስለ በግ ነው» አትልም።

እስቲ እኛም እንሞክር። ጅዳ ስድስት ዓመት የሠራች እናት በሁለት ወር ፈቃድ ደሴ ትገባለች። ልጇ አያቱን «እማዬ» ይላል፤ እሷን በስሟ ይጠራታል። ፈቃዷ ሳያልቅ «እማዬ» እንዲላት ትፈልጋለች። ሁለት ወር ያልነው በከንቱ አይደለም፤ ቀን ካልተቆጠረ ተመልካች አይጨነቅም። አያቲቱንም ክፉ አታድርጓት፤ እሷም ከዚህ ልጅ በቀር ማንም የላትም።

ይህንን ለሁለት እህቶች በስልክ ነገርናቸው። የጅዳዋ ወዲያው «መጨረሻ ላይማ እማዬ ይላታል፤ የደከመችው ለእሱ መሆኑ ይገባዋል» አለች። የመካዋ፣ የወሎ ልጅ ናት፣ ጥቂት ዝም አለች። «አይላትም። ሻንጣዋን ስትዘጋ ለእናቷ ‹ልጅሽን አደራ› ትላታለች። ልጅሽን ነው የምትላት፣ ልጄን አይደለም።»

መነሻው አንድ፣ ጭብጡ ግን ሁለት ሆነ። በአንዱ የእናት ድካም ተደብቆ አይቀርም፤ በሌላው እናት የምትባለው አጠገብ የነበረችው ናት። የቱ ልክ እንደሆነ እኛ አንፈርድም። ጸሐፊዋ ግን የመጨረሻውን ትዕይንት ከመጻፏ በፊት የትኛውን እንደምታምን ማወቅ አለባት። ካወቀችም በኋላ በማንም አፍ እንደ ስብከት አታስነግረው። የመካዋ እህታችን ያለችው አንድ ቃል በቂ ነው።

ስልኩን ልንዘጋ ስንል «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» ብላ ጠየቀችን። ሰባት አልናት።

«እንግዲያው ስትሄድ ገና አንድ ዓመቱ ነበራ» አለች። «ቆዩኝማ፣ እስክሪብቶ ላምጣ።»