ዘውዱን ትታችሁ ቁጥሩን እዩ

አንድ ጀርመናዊ ጎልማሳ የቅድመ አያቱን ሰይፍ እንድገምትለት ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣው የፕሩሲያ ፈረሰኛ ሰይፍ ነው፤ ፊት እስኪያሳይ ተወልውሏል። በስለቱ ጀርባ ላይ ዘውድ፣ ከዘውዱ ሥር «ደብሊው» ፊደልና ሁለት አሃዝ ተመትቶበታል። ለሰውየው ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ዳግማዊ ካይዘር ዊልሄልም በእጃቸው ለቅድመ አያቱ የሸለሙት ሰይፍ ነው። እኔ የፈለግሁት የእጅ መከለያውን ነበር። የሬጅመንቱና የስኳድሮኑ ቁጥር የነበረበት ቦታ በሞተር መወልወያ ተፍቆ የአንድ አሃዝ ግማሽ ብቻ ቀርቷል፤ አፎቱም ላይ ያለው እንዲሁ። ያ ግማሽ አሃዝ እስካሁን ይከነክነኛል።

ይህን የዘውድ ነገር ከወራሽም ከነጋዴም መስማት ሰልችቶኛል። ዘውዱና ፊደሉ የፕሩሲያ መንግሥት መሣሪያውን መርምሮ የተረከበበት ምልክት ነው፤ ሁለቱ አሃዞች የርክክቡ ዓመት ናቸው። ተራው ፈረሰኛ ሁሉ ይህን ታጥቋል። መኮንኑ ደግሞ ሰይፉን የሚገዛው ከኪሱ ነበር። በ1889ኙ የእግረኛ መኮንን ሰይፍ እጀታ ላይ ያለው የንጉሡ ስም ምልክትም የደንቡ አካል ነው፤ በጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ ላሉ ሰይፍ ሠሪዎች የከፈለ መኮንን ሁሉ ያገኘዋል።

ደግሞም ዊልሄልም የፕሩሲያ ንጉሥም የጀርመን ንጉሠ ነገሥትም ቢሆኑ፣ ምልክቱ የሚናገረው ስለ ፕሩሲያው ንጉሥ እንጂ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ አይደለም። የባቫሪያ፣ የሳክሶኒና የቩርተምበርግ ጦር የየራሱን ንጉሥ ምልክት ይይዝ ነበር። በስምም በሥርዓትም የንጉሠ ነገሥቱ የነበረው ባሕር ኃይሉ ነው። የባሕር ኃይል መኮንን ሰይፍ የአንበሳ ራስ አለው፤ አንዱ ዓይኑ ቀይ፣ ሌላው አረንጓዴ፣ እንደ መርከብ የግራና የቀኝ መብራት። እርሱንም ቢሆን መኮንኑ ገዝቶ ነው የታጠቀው። እውነተኛ የክብር ስጦታ ራሱን ይገልጣል፤ ማን ለማን፣ ለምንና መቼ እንደሰጠ ስለቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ያልተጻፈበትን «የካይዘር ስጦታ» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ የሚሸጠው ወሬ ነው።

ነገሩ የዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተቆጣሁ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1945 ፖትስዳም በአየር ሲደበደብ የፕሩሲያ ጦር መዝገብ ቤት ተቃጠለ። የባቫሪያ ወታደር ቤተሰብ ዛሬም ሙኒክ ሄዶ የአያቱን ፋይል ይጠይቃል፤ የሳክሶኒው ድሬስደን፣ የቩርተምበርጉ ሽቱትጋርት ይሄዳል። የፕሩሲያው ወታደር ቤተሰብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሄድበት የለውም። ለእርሱ መከለያው ላይ የተመታው ቁጥር መዝገብ ነው፤ የትኛው ሬጅመንት፣ የትኛው ስኳድሮን፣ ስንተኛው መሣሪያ እንደሆነ ይናገራል። አንዳንዴ አሮጌው ቁጥር በመስመር ተሰርዞ አዲስ ከጎኑ ተመትቶ ይገኛል። መሣሪያው ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ሲዛወር የተደረገ ነው። ባለቤቱ ግን ጭረት መስሎት በሞረድ ያስተካክለዋል። ዘውዱን ለማድመቅ ሲል ወታደሩን ያጠፋዋል።

ስለዚህ ስገምት፣ የጠቆረ ሆኖ ቁጥሩ ሙሉ የሆነ ሰይፍ ከሚያብረቀርቀው ይበልጥብኛል። ልምድ ያለው ሰብሳቢም የሚመርጠው ይህንኑ ነው። ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም፤ ዕድሜው ነው፤ አንዴ ከተፋቀ ተመልሶ አይመጣም።

ይህን በአማርኛ የምጽፈው ጉዳዩ ወደ እኛም ቤት ስለሚገባ ነው። በአያቶቻችን ጎራዴ ላይ ዞሊንገን የተሠራ ስለት ማግኘት ብርቅ አይደለም። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ጎራዴ ካለ በብርጭቆ ወረቀት አትንኩት፤ ለወልዋይም አትስጡት። ስለቱን በባዶ እጅ አትጨብጡ፣ ላብ ያዝገዋል። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፣ ብረቱን ስስ ዘይት ቀቡት፣ ማኅተሙንና ቁጥሩን ሁሉ ፎቶ አንሱ። ከዚያ በኋላ የማን እንደነበረ ጠይቁ።