«አር» ወይስ «ዱ»? ልጅዎ ጥያቄውን እንዳይውጠው

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ነዎት እንበል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን እያከበረ ነው። ፈረሶቹ አጊጠዋል፣ ሜዳው በሰው ተሞልቷል፣ ከውጭ አገር የመጣ አንድ እንግዳ ካሜራውን አንጠልጥሎ ከጎንዎ ቆሟል። የስምንተኛ ክፍል ልጅዎ ከየት እንደመጣ ሊጠይቀው ቋምጧል። «ዌር... አር... ዱ...» ይልና አንገቱን ይደፋል። እንግዳው ፈገግ ብሎ ይሄዳል፤ ጥያቄውም ሳይጠየቅ ይቀራል።

ልጅዎ ቃላት አላጣም። የቸገረው አንዲት ትንሽ ቃል መምረጥ ነው፤ ረዳት ግስ።

ነገሩ በእንግዳ ፊት ከማፈር ያለፈ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎታል። ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ ባዮሎጂውንም ፊዚክሱንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄ መመሥረት ያቃተው ልጅ አይጠይቅም፤ የማይጠይቅ ልጅ ደግሞ ትምህርቱ የገባው ይመስላል።

ለምን ይከብዳል?

በአዊ ዞን ብዙ ልጆች ቤት ውስጥ አዊኛ፣ ገበያና ቢሮ አማርኛ ይሰማሉ። እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው። ስለዚህ ልጅዎ ሲደናቀፍ «ሰነፍ» አይበሉት፤ ሁለት ቋንቋ ተሸክሞ ነው ሦስተኛውን የሚወጣው።

አማርኛም አዊኛም ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ። በአማርኛ «ዳንግላ ትኖራለች» ብለን ድምፃችንን መጨረሻ ላይ ከፍ ካደረግን ጥያቄ ይሆናል፤ አንድ ቃል እንኳ ከቦታው አይነቃነቅም። እንግሊዝኛ ግን ጥያቄ መሆኑን ከመነሻው ማወጅ ይፈልጋል። አዋጅ ነጋሪው ረዳት ግሱ ነው።

እንግሊዞችም ቢሆኑ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበሩም። ድሮ ዋናውን ግስ ራሱን ወደ ፊት አምጥተው ይጠይቁ ነበር። «ዱ» በጥያቄ ውስጥ ቦታውን እያሰፋ የመጣው በተለይ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው።

ሁለት እርምጃ

አንደኛ፦ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «አም»፣ «ኢዝ»፣ «አር»፣ «ዋዝ»፣ «ካን» ወይም «ዊል» ካለ ሌላ አይፈልጉ፤ እሱኑ ወደ ፊት ያምጡት። «ሺ ኢዝ ኤ ቲቸር» የነበረው «ኢዝ ሺ ኤ ቲቸር?» ይሆናል።

ሁለተኛ፦ ዋናው ግስ ብቻውን ከቆመ ረዳት ይበደሩለት፤ «ዱ»፣ «ዳዝ» ወይም «ዲድ»። «ሺ ሊቭስ ኢን ዳንግላ» የሚለው «ዳዝ ሺ ሊቭ ኢን ዳንግላ?» ይሆናል። እዚህ ላይ ያስተውሉ፦ «ሊቭስ» ላይ የነበረችው «ስ» ጠፍታለች፤ ሥራዋን «ዳዝ» ወስዶታል። «ዲድ»ም እንዲሁ ኃላፊ ጊዜውን ጠቅልሎ ስለሚይዝ «ዲድ ሂ ጎ?» እንጂ «ዲድ ሂ ዌንት?» አይባልም። አንድ ሸክም ለሁለት ሰው አይጫንም።

አማርኛው ይጠቁማል

የትኛውን ረዳት ግስ እንደሚመርጥ ሲጠፋው ልጅዎ ጥያቄውን መጀመሪያ በአማርኛ ይበለው፤ ከዚያ መጨረሻውን ያዳምጥ።

• «ነህ፣ ናት፣ ናቸው» ካለበት፦ «ተማሪ ነህ?»፣ «እየመጣች ነው?»። «አር» ወይም «ኢዝ» ይጠቀም።

• «ትወዳለህ? ትሠራለች?» ዓይነት የዘወትር ነገር ከሆነ፦ «ዱ»፤ ለእሱና ለእሷ «ዳዝ»።

• «ነገ ትመጣለህ?» ብሎ ወደ ፊት ካየ፦ «ዊል»።

• «ትናንት መጣህ?» ካለ፦ «ዲድ»።

• «ምሳ በልተሃል?» ካለ፦ «ሃቭ»፤ ለእሱና ለእሷ «ሃዝ»።

ይህ መላ ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ ሁለት ወጥመዶች ግን አሉት። «ራበህ? በረደህ? ደከመህ?» በአማርኛ ግስ ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ግን ሁኔታን ስለሚገልጹ «አር ዩ ሀንግሪ?» ይባላል። በተቃራኒው «ትስማማለህ?» የሚለው በእንግሊዝኛም ግስ ነው፤ ስለዚህ «ዱ ዩ አግሪ?» እንጂ «አር ዩ አግሪ?» አይደለም።

በቡና ሰዓት

ለዚህ ልምምድ አስጠኚ መቅጠር አያስፈልግም። ቡናው እስኪፈላ አምስት ጥያቄ ይበቃል። እርስዎ በአማርኛ ይጠይቁ፣ ልጅዎ በእንግሊዝኛ ይመልሰው። ከሰፈሩ ነገር ይውሰዱ፦ ድንቹ ተቀቅሏል? አያትህ እንጅባራ ይኖራሉ? ዘንገና ሐይቅን አይተሃል? ሲሳሳት መሐል ላይ አያቋርጡት፤ እስኪጨርስ ጠብቀው ትክክለኛውን ረጋ ብለው ይድገሙለት። በቀጣዩ ቀን ሚናውን ይለዋወጡ፤ ልጅዎ ይጠይቅ፣ እርስዎ ይሞክሩ። እርስዎም ቢሳሳቱ አይፈሩ። ወላጁ ስቆ ሲታረም ያየ ልጅ ክፍል ውስጥ እጁን ለማውጣት ይደፍራል።

ወደ ፈረሰኞቹ ሜዳ እንመለስ። ልጅዎ የተወዛገበባቸው ሁለቱም ረዳት ግሶች ትክክል ነበሩ። «ካም» የሚለውን ግስ ካልጨመረ «ዌር አር ዩ ፍሮም?» ይላል። ከጨመረው ደግሞ «ዌር ዱ ዩ ካም ፍሮም?»። ስህተት የሚሆነው ሁለቱን ሲያደባልቅ ብቻ ነው። ይህን ዛሬ ማታ ይንገሩት፤ ለመጪው ጥር 23 ጥያቄው አፉ ላይ ዝግጁ ይሆናል።