ባክቴሪያም በቫይረስ ይታመማል፤ ፋብሪካ እስከማስተጓጎል ድረስ!

ቫይረስ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ኮሮና ወይ ጉንፋን ነው አይደል? ግን ባክቴሪያንም የሚያጠቃ ቫይረስ አለ። ስሙ ባክቴሪዮፋጅ ይባላል፣ ባጭሩ ፋጅ። ይሄ ቫይረስ በአንድ ወቅት ትልቅ ፋብሪካ አስጨንቋል። ነገሩ እንዲህ ነው።

የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶንን ታውቁታላችሁ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ የጥይት ባሩድ ለመሥራት ብዙ አሴቶን ፈልጋ አጠራት። ያኔ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት የነበሩት፣ በኋላ የእስራኤል የመጀመሪያ ፕሬዝዳንት የሆኑት ካይም ዋይዝማን መፍትሔ ይዘው መጡ፦ ክሎስትሪዲየም አሴቶቡቲሊከም የሚባል ባክቴሪያ።

ይሄ ባክቴሪያ ኦክስጅን አይስማማውም። አየር በሌለበት ታንከር ውስጥ የተቀቀለ የበቆሎ ዱቄት ሲሰጠው ያብላላውና ቡታኖል፣ አሴቶንና አልኮል ያወጣል። ሐሳቡ ከጠላ ጥንስስ ብዙም አይርቅም፤ ሥራውን የሚሠራው ግን እርሾ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ተፈላጊው ቡታኖል ሆነ፤ ቶሎ ለሚደርቅ የመኪና ቀለም። አሜሪካ፣ ኢንዲያና ግዛት፣ ቴሬ ሆት ከተማ ውስጥ ለዚሁ ሥራ ትልቅ ፋብሪካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 ግን ምርቱ በግማሽ ያህል ወረደ። ችግሩም አንድ ዓመት ገደማ ቆየ። በኋላ ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘው ፋጅ ነው። ጃፓንና ደቡብ አፍሪካ ያሉ ተመሳሳይ ፋብሪካዎችም ከዚህ ጣጣ አላመለጡም።

📌 ፋጅ እንዴት ነው የሚያጠቃው?

ብዙዎቹ ፋጆች ጭንቅላትና ጅራት አላቸው። ጭንቅላቱ ውስጥ ዲኤንኤ አለ። ጅራቱ ደግሞ እንደ መርፌ ነው፦ ባክቴሪያው ላይ ይለጠፍና ዲኤንኤውን ወደ ውስጥ ይወጋል። ከዚያ ባክቴሪያው የራሱን ሥራ ትቶ ቫይረስ ማምረት ይጀምራል። በመጨረሻ ይፈነዳል፤ የወጡት አዳዲስ ፋጆችም ጎረቤቶቹን ይይዛሉ። ታንከር ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ደግሞ ሁሉም የአንድ ዘር ነው። አንዱን የገደለ ሁሉንም ይገድላል።

ፋብሪካዎቹ ምን አደረጉ? ታንከርና ቧንቧውን በእንፋሎት ማጽዳት፣ ከወረርሽኙ የተረፉትን ባክቴሪያዎች መርጦ ማራባት፣ ዘሩን እያፈራረቁ መጠቀም።

📌 ገዳዩ ሁሌ ቫይረስ ብቻ ነው እንዴ?

አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች የፋብሪካው ባክቴሪያ ራሱ ገዳይ ፕሮቲን እንደሚያወጣ አሳወቁ። እንዲህ ያለው ፕሮቲን ባክቴሪዮሲን ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚገድለው የቅርብ ዘመድ የሆኑ ባክቴሪያዎችን ነው።

በጃፓን የተጠናው ክሎስቶሲን ኦ ደግሞ የባሰ የሚገርም ነው። ቡታኖል ከሚያመርት ሌላ ክሎስትሪዲየም የተገኘ ሲሆን ቅርጹ ቁርጥ የፋጅ ጅራት ነው። ጭንቅላት የለውም። ጭንቅላት ከሌለ ዲኤንኤ የለም፤ ስለዚህ መራባት አይችልም። እንዲህ ዓይነት ጅራቶች የሚገድሉት የተቀናቃኙን ባክቴሪያ ሽፋን በስተው ነው። በአጭሩ፣ ባክቴሪያው የጠላቱን መሣሪያ ወርሶ የራሱ አድርጎታል ማለት ነው።

ዋጋ ግን ያስከፍላል። ጅራቱን ለመልቀቅ አምራቹ ባክቴሪያ ራሱ መፈንዳት አለበት። እሱ ይሞታል፣ የዘሩ ወንድሞች ቦታውን ይይዛሉ።

📌 ይሄ ለኛ ምናችን ነው?

ብዙ አንቲባዮቲኮች ጥሩውንም መጥፎውንም ባክቴሪያ አብረው ይጠርጋሉ። አንዳንዴ አንጀት ውስጥ ባዶ ቦታ ያገኘ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባል የነዚሁ ባክቴሪያዎች ዘመድ ይስፋፋና ከባድ ተቅማጥ ያመጣል። ተመራማሪዎች ይሄንኑ ባክቴሪያ ለይቶ የሚመታ የፋጅ ጅራት መሰል ፕሮቲን አሻሽለው በአይጦች ላይ ሞክረዋል፤ ባክቴሪያው አንጀት ውስጥ እንዳይሰፍር ተከላክሏል። ፋርማሲ ሄዳችሁ የምትገዙት መድኃኒት ግን ገና አልሆነም።

አንቲባዮቲክ የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች እየበዙ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ፋብሪካ ያስጨነቀው መርፌ ነገ ሰው ሊያድን ይችላል። እስከዚያው ያሉን አንቲባዮቲኮች እንዲሠሩልን፣ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አትውሰዱ፤ የታዘዘላችሁንም በራሳችሁ አታቋርጡ።

እናንተስ፣ ባክቴሪያ በቫይረስ እንደሚያዝ ከዚህ በፊት ታውቁ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።