አምባሩን ትተን ስለ ብርሃኑ

የሌንስ አምራቹ ቶኪና በ2020 ባለ 400 ሚሊ ሜትር፣ በዓመቱ ደግሞ ባለ 500 ሚሊ ሜትር የመስታወት ሌንስ ይዞ ብቅ አለ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አበቃለት የተባለ የሌንስ ዘር ነበርና ዜናው አስደሰተኝ። ፊልም እንደገና በተወደደበት በዚህ ጊዜ አሮጌዎቹም ከየመሳቢያው እየወጡ ነው። የሚያሳዝነው ግን ወሬው ሁሉ ፎቶው ላይ ስለሚፈጥሩት የብርሃን አምባር ብቻ መሆኑ ነው።

አምባሩ የሚመጣው ከአሠራሩ ነው። ብርሃን በፊት በኩል ገብቶ ከኋላ ካለው ትልቅ መስታወት ላይ ይነጥራል፤ ከፊተኛው ብርጭቆ መሃል ባለችው ትንሽ መስታወት ተመልሶ፣ በትልቁ መስታወት ቀዳዳ አልፎ ፊልሙ ላይ ያርፋል። መንገዱ ስለታጠፈ ሌንሱ ያጥራል፣ ይቀላልም፤ ታምሮን በ1979 ያወጣው ባለ 500 ሚሊ ሜትር 600 ግራም ገደማ ነው። ትንሿ መስታወት ግን መሃሉን ትጋርዳለች። ስለዚህ ወፍ ሲነሳ ከጀርባዋ ውሃ ላይ የሚብለጨለጨው ፀሐይ ሁሉ ፎቶው ላይ አምባር አምባር ሆኖ ይወጣል።

አንዳንዱ ይወደዋል፣ ሌላው ይጸየፈዋል። ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ብርሃን ነው። እነዚህ ሌንሶች የሚጠብና የሚሰፋ የብርሃን ቀዳዳ የላቸውም፤ ኤፍ 8 ከሆነ ሁልጊዜ ኤፍ 8 ነው። በ1960ዎቹ የወጣውን ዜኒት-ኢ ካሜራ እንውሰድ። 100 አይኤስኦ ፊልም ከተጎረሰ በጠራራ ፀሐይ የሚያስፈልገው ፍጥነት 1/400 ሴኮንድ አካባቢ ነው። 500 ሚሊ ሜትርን በእጅ ይዞ ለማንሳት ደግሞ ቢያንስ 1/500 ይፈለጋል። 400 አይኤስኦ ቢጎረስ ፀሐዩ 1/1600 ይጠይቃል፤ የካሜራው ጣሪያ 1/500 ስለሆነ ግራጫ ፊልተር ካልገባ ፎቶው በብርሃን ይቃጠላል። ደመና ሲመጣ ወደ 1/200 ይወረዳል፣ እጅም መንቀጥቀጡን ያሳብቃል። ፎከስ ማድረጉም ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በጨለመው መመልከቻ ውስጥ የላባው ጠርዝ ለቅጽበት ይጠራና ትንፋሽ ሲወሰድ ይጠፋል።

ስለ ሌሎቹ የመስታወት ሌንሶች ብዙ አልልም፤ የኒኮን ባለ 2000 ሚሊ ሜትር 17 ኪሎ፣ የካኖን ባለ 5200 ሚሊ ሜትር 100 ኪሎ ያህል ይመዝናሉ። ሚኖልታ በ1989 በራሱ ፎከስ የሚያደርግ ባለ 500 ሚሊ ሜትር አውጥቷል።

ልቤ ያለው ግን የሶቪየቱ የኦፕቲክስ ሊቅ ዲሚትሪ ማክሱቶቭ ጋ ነው። ነሐሴ 1941፣ ጀርመኖች ወደ ሌኒንግራድ ሲገሰግሱ፣ እሱ የሚሠራበት የከተማዋ የኦፕቲክስ ተቋም ወደ ዮሽካር-ኦላ ይሸሽ ነበር። ማክሱቶቭ በሽሽቱ ባቡር ላይ ሆኖ የሚያስበው ስለ ተማሪ ቤት ቴሌስኮፕ ነው፤ መስታወቱ እንዳይበላሽ ፊቱን በብርጭቆ መክደን። ክዳኑ ጠፍጣፋ ከሚሆን ጎበጥ ቢልስ? ጎባጣው ብርጭቆ የክብ መስታወቱን ስህተት የሚያቃና ሆኖ ተገኘ። መስታወቱም ብርጭቆውም ተራ ክብ ቅርጽ ስለሆኑ ለመሞረድ አያስቸግሩም።

በጀርመን በተያዘችው ሆላንድ የኦፕቲክስ መሐንዲሱ አልበርት ባውወርስ ለተመሳሳይ ሐሳብ የካቲት 1941 ላይ የፈጠራ መብት ጠይቆ ነበር። ጦርነቱ ስለለያያቸው አንዱ የሌላውን አያውቅም። በቀን ከተቆጠረ ባውወርስ ይቀድማል፣ ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። የእሱ ብርጭቆ ግን ቀለማትን ለብቻው አያስተካክልም፤ የማክሱቶቭ ያስተካክላል። ፎቶ አንሺው እጅ የገባውም የማክሱቶቭ ነው፤ የሶቪየቶቹ ኤምቲኦ የመስታወት ሌንሶች በዚሁ ሐሳብ ተሠርተው በ1958 በብራስልስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ታላቁን ሽልማት ወሰዱ።

ኤምቲኦ-500 ያገኘ ሰው መጀመሪያ ጨረቃን ያንሳ። ሙሉ ስትሆን፣ በትራይፖድ፣ በ100 አይኤስኦ ፊልም 1/250 ይበቃታል። ፊልሙ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ሆና ትወጣለች፤ ከጀርባዋ ጨለማ ብቻ ስለሆነ አምባር የሚሆን ብልጭታ የለም።