በእንተ ሱሪ፦ ክብሪት ያልፈተነውን ጨርቅ አትመኑ

ዛሬ ልጽፍላችሁ አስቤ የነበረው ስለ ኮት ገበር አቆራረጥ ነበር፤ ነገር ግን ትናንት ከቀትር በኋላ ከአዲስ ቅዳም በኩል የመጣ አንድ ወጣት ከሰል አክሳይ እንጅባራ ወደምትገኘው የስፌት ቤቴ ገብቶ፣ ባለ ስድስት ኪስ ሱሪ ከፌስታል አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ባኖረ ጊዜ ያየሁት ነገር እንቅልፍ ስለ ነሳኝ፣ የኮቱን ትምህርት ለሌላ ቀን አቆይቼ ይህችን ጦማር በችኮላ ጽፌአለሁና ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ።

በሱሪው የግራ ባት ላይ ሦስት ቀዳዳዎች ነበሩ። ጠርዛቸው እንደ ተቃጠለ ጥጥ አመድ ሆኖ የሚረግፍ ሳይሆን ጠጥሮ ጥፍር የሚሰብር ጥቁር ቅርፊት ሆኗል። ልጁ የመጣው ሊያስጥፈው ብቻ ነው፤ እኔ ግን "እስቲ እግርህን አሳየኝ" አልሁት፤ በገለጠውም ጊዜ ቀልጦ የተጣበቀው ጨርቅ ቆዳውን ይዞ እንደ ተላቀቀ አየሁ። "ጋሼ፣ የወታደር ኦሪጅናል ነው፣ እሳት አይበላውም ብለው እኮ ነው የሸጡልኝ" አለኝ። በቅድሚያ ወደ ጤና ጣቢያ ሰደድሁት፤ ሱሪውን ግን እኔ ዘንድ አስቀረሁት።

ከቅኔ ቤት ወጥቼ መቀስ ከያዝሁ ሃያ ሦስት ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት ስለ ጨርቅ ያልሰማሁት ሐሰት የለም፤ አሁን ደግሞ መርፌ ይዞ የማያውቅ ሻጭ በስልኩ ቪዲዮ እየቀረጸ ስለ ጨርቅ ያስተምረኛል፤ ለቀባሪው አረዱት ማለት ይህ ነው። እንግዲህ ለጫካ ሥራ፣ ለፈረስ ግልቢያ፣ ወደ ዘንገና ሐይቅ ለመንሸራሸርም የሚሆን ጠንካራ ሱሪ እንዴት እንደሚመረጥ በቁጥር ለይቼ እነግራችኋለሁ። ወገብና ቁመት ስለ መለካት አልናገርም፤ ያንን የማያውቅ ካለ ሜትር ይዞ ይምጣ።

1ኛ፤ ስለ ስሙ። "የወታደር" የሚለው ቃል የጥራት ማኅተም አይደለም። ካኪ ከፋርስና ከሕንድ ቋንቋ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጓሜውም አቧራማ ማለት ነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሃሪ ላምስደን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን በሕንድ ሰሜን ምዕራብ ድንበር ያቋቋመውን ጦር የአፈር መልክ ባለው ልብስ ካለበሰው ወዲህ ስሙ በዓለም ተዛመተ። የጭን ኪስም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ የእንግሊዝ ጦር ካርታ መያዣ ይሆን ዘንድ በግራ ጭን ላይ የሰፋው፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ደግሞ በጃንጥላ ከሰማይ የሚወርዱት የአሜሪካ ወታደሮች በሁለቱም ጭን ያደረጉት ነው። በራስ መኮንን የፈረስ ስም የተሰየመው የእኛው ቃኘው ሻለቃም በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ በዘመተ ጊዜ የተዋጋው የአሜሪካንን ልብስ ለብሶ ነው። የዚህ ሱሪ ክብር እንግዲህ ከጨርቁና ከስፌቱ የመጣ ነው እንጂ ከመልኩ አይደለም፤ ቆብ የደፋ ሁሉ መነኩሴ እንደማይሆን፣ ስድስት ኪስ የተለጠፈበት ሁሉ የወታደር ሱሪ አይሆንም።

2ኛ፤ ስለ ክሩ ባሕርይ። የዛሬው ነገሬ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው እንደሚያውቀው፣ አንጥረኛ በመጀመሪያ ሰሙን ይቀርጻል፣ በጭቃም ይሸፍነዋል፣ ከዚያም በእሳት አቅልጦ ካስወጣው በኋላ ወርቁን በባዶው ስፍራ ያፈስሳል። የዘመናችን ነጋዴ ግን ሰሙን ብቻ ይሸጣል፤ እሳት በነካው ጊዜ ሰሙ ይቀልጣል፣ ተተክቶ የሚፈስስ ወርቅ ግን የለም፤ የቀለጠው ሰም ራሱ በድሀ ልጅ ባት ላይ ይፈስሳል እንጂ።

ይህን ስል ለማሳመር አይደለም። ፖሊስተር የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ እስከ 260 ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ ቀይ የከሰል ፍም ከዚያ እጥፍ በላይ ይሞቃል። በፋግታ ለኮማ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ የሚተክሉና የሚያከስሉ ሰዎች፣ እንጨቱን ከምረው በሣርና በአፈር ደፍነው ቀናት ከጠበቁ በኋላ ክምሩን ሲከፍቱ ፍንጣሪው ከጉልበታቸው በታች እንደሚያርፍ ማንም ያውቃል። ጥጥ ቢሆን ይቃጠላል፤ ጥጥ እሳት አይነካውም ብዬ አልዋሽም፤ ነገር ግን አይቀልጥም፣ ከቆዳም ጋር አይጣበቅም፤ አራግፈህ ትጥለዋለህ። ይህ እኔ ያመጣሁት ብልሃት እንዳይመስላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በኢራቅ የነበሩ የአሜሪካ ማሪን አዛዦች፣ ከፖሊስተርና ከመሰል ክር የተሠራ የውስጥ ልብስ ለብሶ ከሰፈር መውጣትን የከለከሉት በፍንዳታ ጊዜ ከገላ ጋር ስለሚጣበቅ ነው። ወታደሩ ራሱ የፈራውን ጨርቅ ነው እንግዲህ "የወታደር" ብለው የሚሸጡልን!

ይባስ ብሎም፣ እውነተኛው የአሜሪካ ጦር ሱሪ እንኳ በአብዛኛው ግማሹ ጥጥ ግማሹ ናይለን ነው፤ ናይለኑም የተጨመረው ጨርቁ ቶሎ እንዳይፈተግ ነው እንጂ እሳት እንዲችል አይደለም፤ እሳት ለሚገጥማቸው ለአብራሪዎችና ለታንከኞች ሌላ ልዩ ጨርቅ አላቸው። ስለዚህ "ኦሪጅናል ነውና አይቃጠልም" የሚለው ንግግር ሱሪው ኦሪጅናል ቢሆንም እንኳ ሐሰት ነው። ሐሰት በሐሰት ላይ!

ፈተናው ቀላል ነው። ከሱሪው ውስጠኛ ጠርዝ፣ ከራሱ ከጨርቁ እንጂ ከስፌቱ ያልሆነ፣ አንድ ሁለት ክር ምዘዙ፤ ልብሱን ሳይሆን ክሩን በወረንጦ ይዛችሁ ክብሪት ለኩሱበት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ በጣት ሲያሹት የሚበንን ግራጫ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ከነበልባሉ ይሸሻል፣ ይኮማተራል፣ ጥቁር ጢስ ያወጣል፣ ሲበርድም በጣት የማይፈጭ ጠጠር ይሆናል። ድብልቅ ከሆነ አመዱ ውስጥ ጠጠሩን ታገኙታላችሁ። አስመረምራለሁ የሚል ሻጭ ካለ መልካም፤ አንዲት ክር ለመምዘዝ የሚከለክላችሁ ሻጭ ግን መልሱን በክልከላው ነግሯችኋል።

ፖሊስተርን በባሕርዩ እረግማለሁ ማለቴ አይደለም። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች፣ ክረምቷ ጠንካራ የሆነ ከተማ ናት፤ ንጹሕ ጥጥ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ሳይደርቅም ያድራል። እሳት ለማይነካው ለእረኛ፣ ለመንገደኛ፣ ድንች ለሚቆፍር ገበሬ ድብልቁ ይሻላል። እሳት ለሚነካው ግን ጥጥ፣ ጥጥ፣ አሁንም ጥጥ።

3ኛ፤ ስለ ሽመናው። ሰያፍ መስመር የሚታይበት ሽመና መፈተግን ይችላል፤ በትናንሽ አራት ማዕዘን የተከፋፈለው ሪፕስቶፕ ደግሞ የተጀመረ ቅዳጅ እንዳይሮጥ ያግዳል እንጂ ጨርቁ እንዳይበሳ አያደርግም፤ አንዳንዱም መስመሩ የታተመ ቀለም ነው፣ ገልብጣችሁ እዩ። ክብደቱ በካሬ ሜትር ከ220 እስከ 270 ግራም ቢሆን ለሥራ በቂ ነው፤ ሚዛን ለሌለው ሰው፣ ጨርቁን ወደ ፀሐይ ዘርግቶ የጣቶቹ ጥላ ለይቶ ከታየው ይለፈው።

4ኛ፤ ስለ ስፌቱ። የጭኑ መሐል፣ አራቱ ስፌቶች የሚገናኙበት፣ ታጥፎ ሁለት ጊዜ የተሰፋ ይሁን፤ መቀመጫውና ጉልበቱ ድርብ ይሁን፤ የኪሱ ማዕዘንና የቀበቶው ማለፊያ በድግግሞሽ የተጠናከረ ይሁን። የስፌቱ ክር ብቻ ፖሊስተር ቢሆን አልቃወምም፣ ቶሎ አይበሰብስምና። ይህን ሁሉ ያወቀ ሰው ግን ምን ይጠቀማል? አንድ ጊዜ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ለጥበቃ ሠራተኞቹ የሥራ ሱሪ ሊያሰፋ ጨረታ አወጣ፤ የጨረታው ሰነድ ስለ ጨርቁ የሚለው ነገር ቢኖር "ጥራት ያለው ካኪ" የሚል ሦስት ቃል ብቻ ነበር። እኔ ናሙናዬን ከነክሩ ዝርዝር አቀረብሁ፤ ኮሚቴው የጠየቀኝ ስለ ማኅተሜና ስለ ዋጋዬ ነው። ያሸነፈው ሰው ያመጣውን የተረከቡት ቀለሙን ብቻ አይተው ነው፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ዘበኞቹ የተቀደደውን መቀመጫ ለማስጠገን በየተራ ወደ እኔ መጡ። መንግሥት አንድ ጊዜ ከፈለ፣ ዘበኛው ደግሞ ከደመወዙ ሁለተኛ ከፈለ፤ በጨረታው ዳኝነት ግን ይህ "ቁጠባ" ተብሎ ተመዘገበ።

ከስፌት ማሠልጠኛ የሚመጡትም ልጆች አያሳዝኑም ትላላችሁ? የብቃት ምዘና አልፈው፣ ወረቀት ይዘው መጥተው፣ ጥጥን ከፖሊስተር ለይ ብለው ቢጠይቋቸው መለያ ወረቀቱን ይፈልጋሉ። ከእኛ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ባሕር ዳር በጣሊያን የጦር ካሳ ገንዘብ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተቋቋመ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዘመን አለፈ፤ የጥጥ ዕውቀት ግን ከፋብሪካው አጥር አልወጣም።

ቁጥሬ የት ላይ እንደ ደረሰ ጠፋኝ፤ አምስተኛ ይሁን ስድስተኛ፣ ስለ ኪስ ልናገር። የኪሱ ክዳን በቁልፍ የሚዘጋ ቢሆን እመርጣለሁ፤ እየተጣበቀ የሚላቀቀው መዝጊያ ጭቃና የሣር ዘር ሲሞላው አይይዝም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ለመጋለብ የምትሹ ወጣቶች ደግሞ፣ የጭኑ ኪስ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ያዘነበለ መሆኑን እዩ፤ ወደ ፊት ከመጣ በየእርምጃው ስልካችሁ ጭናችሁን ይደበድባል። የውስጠኛው ጭን ስፌት ወፍራም ከሆነ ኮርቻው ላይ ከመቀመጫችሁ በፊት ቆዳችሁ ይነሣል።

ሰልባጅ ለምትገዙም፦ በእውነተኛ የአሜሪካ ጦር ሱሪ ውስጥ በ8415 የሚጀምር ባለ 13 አሃዝ ቁጥርና የክሩ ዓይነት የተጻፈበት መለያ አለ፤ ግን መለያም ይገለበጣልና ክብሪቱን አትርሱ። ንጹሕ ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ሁለት ጣት አስረዝማችሁ ግዙ። በረኪና አታስነኩት። በክረምት ምድጃ ላይ ሰቅላችሁ አታድርቁት፤ ይህንንማ ስንት ጊዜ ልናገር!

የቀረኝ አንድ ነገር፦ ቅርጹን ልበሱ እንጂ ሬንጀር የሚባለውን ቡራቡሬ አትልበሱ። የወታደር መልክ ለወታደር ይሁን፤ ባርቤዶስንና ዚምባብዌን በመሰሉ አገሮች ሲቪል ሰው ይህን መልበሱ በሕግ የተከለከለ ነው፤ በእኛም መንገድ ላይ ለኪስ ብላችሁ ነፍሳችሁን በጥያቄ ውስጥ አታግቡ። ቡናማ፣ የወይራ አረንጓዴና ግራጫ ምን አጎደሉ?

ወደ ልጁ ልመለስ። ዛሬ ጠዋት እግሩን በፋሻ ታስሮ መጣ። ሱሪውን ከጉልበቱ በታች ቆርጬ፣ ከወፍራም ጥጥ ካኪ አዲስ እግር ቀጥዬለት ነበር፤ መልኩ ሁለት ዓይነት ሆኖ ሲያየው ሳቀና "ጋሼ፣ ድሪቶ አደረግኸው እኮ" አለኝ። ከተቆረጠው ክርና ከአዲሱ ክር አንዳንድ መዝዤ ክብሪቱን ለእሱ ሰጠሁት፤ የመጀመሪያው በወረንጦው ጫፍ ላይ ቀልጦ ሲንጠባጠብ ባየ ጊዜ ሳቁን አቆመ፤ ሁለተኛውንማ አመዱን በጣቱ ፈጭቶ መዳፉን ደጋግሞ አየው።

በዚህ ሳምንት ሱሪ የገዛችሁ፣ ወይም ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ክሩን ይዛችሁ ኑ፤ ክብሪቱ በእኔ ነው።