መሐንዲስን በግብር መሳብ ይቻላልን?

አንድ ወጣት መሐንዲስ ተመርቆ ሲወጣ ወዴት ይሄዳል? ደመወዙ ወደሚበልጥበት፣ ዘመድ ወዳለበት ወይስ ሙያው ወደሚያድግበት? በአሜሪካ የምትገኘው የኦክላሆማ ግዛት ይህን ጥያቄ በግብር ሕግ ለመመለስ ሞክራለች።

በኦክላሆማ ሲቲ አጠገብ የሚገኘው የቲንከር አየር ኃይል ሰፈር ግዙፍ ወታደራዊ አውሮፕላኖች ተፈትተው የሚጠገኑበት ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢ-52 ሲሆን፣ የመጨረሻው ከፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ብረት በተደጋጋሚ ጫና ሲለጠጥና ሲኮማተር ይደክማል፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅም ያበጃል። ስለዚህ አውሮፕላን ባረጀ ቁጥር የሚፈልገው መሐንዲስ ይበዛል። ግዛቲቱ የገጠማት ችግር መሐንዲሶቹን ከየት እንደምታገኝ ነበር።

ክሬዲት ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ በኤሮስፔስ ዘርፍ አዲስ ለሚቀጠር መሐንዲስ በዓመት እስከ 5,000 ዶላር፣ እስከ አምስት ዓመት ድረስ የግብር ክሬዲት ይሰጣል። ክሬዲት ከገቢ ላይ ከሚደረግ ተቀናሽ የተለየ ነው። ልዩነቱን በምሳሌ እንመልከት።

ግብር የሚከፈልበት ዓመታዊ ገቢ 80,000 ዶላር፣ የግዛቲቱ ግብር ደግሞ ለቀላልነት 5 በመቶ ነው እንበል። ዕዳው 4,000 ዶላር ይሆናል። ከገቢው 5,000 ዶላር ቢቀነስ ዕዳው ወደ 3,750 ይወርዳል፤ ትርፉ 250 ዶላር ብቻ ነው። ክሬዲት ግን የሚቀነሰው ከራሱ ከዕዳው ላይ ስለሆነ፣ 4,000ው ዶላር በሙሉ ይሰረዛል። የቀረው 1,000 ዶላር ግን በጥሬ ገንዘብ አይከፈልም፤ ክሬዲቱ ዕዳን ከዜሮ በታች አያወርድምና።

ቀጣሪውም ድርሻ አለው። መሐንዲሱ በኦክላሆማ ተቋም የተመረቀ ከሆነ ከሚከፍለው ደመወዝ 10 በመቶ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ከሆነ 5 በመቶ፣ በተወሰነ ጣሪያ ሥር ከግብሩ ይቀነስለታል። ለሠራተኛው ከመለሰው የትምህርት ክፍያም ግማሹ ይታሰብለታል። እዚህ ላይ ሕጉ ሁለት ዓላማ እንዳለው እናስተውላለን፤ አንደኛው ከውጭ መሳብ፣ ሁለተኛው በቤት ያፈሩትን ማቆየት ነው።

ውጤቱ እንዴት ይለካል?

ቦይንግ እ.ኤ.አ. በ2010 አንዳንድ የአውሮፕላን ማሻሻያ ፕሮግራሞቹን ከካሊፎርኒያ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ እንደሚያዛውር አስታወቀ። ክሬዲቱ ሠርቷል ልንል እንችላለን። ይሁን እንጂ የቲንከር ቅርበትና ዝቅተኛ ወጪም በዚያው ነበሩ። በቤተ ሙከራ አንዱን ተለዋዋጭ ይዘን ሌላውን እንለውጣለን፤ ሕጉ ያልወጣባትን ኦክላሆማ ግን ማንም ሊያያት አይችልም። ክሬዲቱን የወሰዱትን መቁጠርም አይበቃም፤ ያለ ክሬዲቱም ይመጣ የነበረ ሰው ከቁጥሩ ውስጥ አለና።

ጎረቤቷ ካንሳስ እ.ኤ.አ. በ2022 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። የዊቺታ ከተማዋ በአውሮፕላን ፋብሪካዎች የታወቀች ናት። ሁለት ኃይሎች አንዱን አካል በተቃራኒ አቅጣጫ እኩል ቢስቡት ድምር ኃይሉ ዜሮ ነው። ሁለቱ ግዛቶች በአንድ መሐንዲስ ላይ ሲፎካከሩ ከግብራቸው ሁለቱም ያጣሉ፤ የመሐንዲሶች ቁጥር ግን በዚህ ብቻ አይጨምርም።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት የሕጉ ብርቱ ጎን ለትምህርት የተመደበው ክፍል ነው፤ መሳብ ያለውን ሰው ከቦታ ቦታ ያዛውራል፣ ማስተማር ግን የሌለውን ይፈጥራል። የተማረ ሰው ፍልሰት ለሚያሳስበን ለእኛም ትምህርቱ ይኸው ነው። ገንዘብ ሰውን ሊያመጣ ይችላል፤ አምስቱ ዓመት ሲያልቅ የሚያቆየው ግን ሊሠራው የሚገባ ሥራ ነው።