ሳንባን የሚያስተነፍሰው የደረት ግድግዳ

ስለ መተንፈስ ሲነሣ ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ሳንባን ነው። ሳንባ እንደ ልብ በራሱ ኀይል እየተነፋና እየተኰማተረ አየር የሚያስገባና የሚያስወጣ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ሳንባ ራሱን የሚነፋበት ጡንቻ የለውም። የአንጥረኛን ወናፍ ያያችሁ ሁሉ ይህን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። ወናፉ አየር የሚስበው ቆዳው በራሱ ስለሚነሣ ሳይሆን እጅ ስለሚያነሣው ነው። በሰው አካልም ወናፉ ሳንባ ሲሆን እጁ የደረት ግድግዳ ነው።

ይህ ግድግዳ ከምን ተሠራ ቢባል፥ ከኋላ የጀርባ አጥንት፥ ከፊት ፍርምባ፥ በግራና በቀኝ 12 ጥንድ የጎድን አጥንቶች አሉት። ከነዚህም የላይኞቹ 7 ጥንድ እያንዳንዳቸው በቀጥታ ከፍርምባ ጋር ይገናኛሉ፤ ቀጥለው ያሉት 3 ጥንድ ከበላያቸው ባለው ላይ ይደገፋሉ፤ የመጨረሻዎቹ 2 ጥንድ ግን ጫፋቸው ከምንም ሳይያያዝ በጡንቻ ውስጥ ይቀራል። መገናኛው እንደ ጆሮ ጫፍ የሚለመጥ ለስላሳ አጥንት ነው፤ ይህ ባይሆን ኖሮ ደረታችን እንደ ሣጥን ደርቆ በቀረ ነበር። በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ጡንቻ ሞልቶታል። ከሥር ደግሞ እንደ ጉልላት ወደ ላይ የጐበጠ፥ ደረትን ከሆድ የሚለይ ሰፊ ጡንቻ አለ፤ ሐኪሞች ድያፍራም ይሉታል። በግ ሲበለት ያየ ሰው ሳንባን ከጉበት የሚለየውን ያን መጋረጃ መሰል ሥጋ ያውቀዋል።

አየር ስንስብ ድያፍራም ተኰማትሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ የጎድን አጥንቶችም የባልዲ ማንጠልጠያ ሲነሣ እንደሚሆነው ወደ ላይና ወደ ውጭ ይነሣሉ። የደረት ውስጥ ሲሰፋ በዚያ ያለው ግፊት ከውጭው ስለሚያንስ፥ አየር በአፍንጫ፥ በማንቁርትና በአየር ቧንቧ አልፎ ይገባል። ዐርፎ የተቀመጠ ጐልማሳ በአንድ ትንፋሽ ግማሽ ሊትር ያህል ይስባል። ለማስወጣቱ ብዙ ድካም የለበትም፤ ጡንቻዎቹ ሲለቁ ሳንባ እንደ ላስቲክ ይሰበሰባል። (ስርቅታ የምንለውም ይኸው ድያፍራም ሳይታሰብ ሲኰማተር የሚመጣ ነው።)

ታዲያ ሳንባ ከግድግዳው ጋር በክር ሳይያያዝ እንዴት ተከትሎት ይሰፋል? አንዱ ሳንባን፥ ሌላው ግድግዳውን ከውስጥ የሚያለብሱ ሁለት ስስ ሽፋኖች አሉ፤ በመካከላቸውም ጥቂት እርጥበት እንጂ አየር የለም። ውሃ የነካቸው ሁለት መስተዋቶች ሲደራረቡ እርስ በርሳቸው ይንሸራተታሉ፥ ሊላቀቁ ግን ያስቸግራሉ፤ ይህም እንደዚያ ነው። ስንተነፍስ ደረታችንን እንደ መርፌ የሚወጋን ውጋት ብዙ ጊዜ የግድግዳው ሽፋን ሲቈጣ የሚሰማ ሕመም ነው፤ ሳንባው ራሱ እንዲህ ያለ ሕመም አይሰማውም። ደረት ተወግቶ በሁለቱ ሽፋኖች መካከል አየር ከገባ ሳንባው ይሟሽሻል። በብራስልስ የተወለደው አንድሬያስ ቬሳሊየስ በ1543 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአካል ጥናት መጽሐፉ፥ የእንስሳ ደረት ሲከፈት ሳንባው እንደሚሟሽሽ፥ በአየር ቧንቧው ሸንበቆ አስገብተው ቢነፉበት ግን እንደ ገና እንደሚነሣ ጽፏል። ዛሬ በሐኪም ቤት ራሳቸው መተንፈስ ላቃታቸው ሕመምተኞች አየር የሚነፉት መሣሪያዎች በዚሁ ሐሳብ ይሠራሉ።

ይህን ሁሉ ማወቅ ከምንም በላይ የሚጠቅመው ሕፃን ላለበት ቤት ነው። የሕፃን የጎድን አጥንት ገና ለስላሳ ስለ ሆነ፥ ትንፋሹ በአብዛኛው በድያፍራም ላይ የተመካ ነው፤ ስለዚህ ሲተነፍስ ሆዱ ከፍ ዝቅ ማለቱ ብቻውን አያስደነግጥም። ነገር ግን የሳንባ ምች ሳንባውን ሲያደድረው ድያፍራም በብርቱ ይስባል፤ ለስላሳው ግድግዳም ጉተታውን መቋቋም ያቅተዋል። ያን ጊዜ ሕፃኑ አየር ሲያስገባ መነሣት የሚገባው የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል። በልብስ ተጠቅልሎ ሳለ ይህ አይታይም፤ እናቲቱ ልብሱን ገልጣ፥ ሳያለቅስ፥ በብርሃን ልታየው ይገባል። በዚያው ሙሉ አንድ ደቂቃ ትንፋሹን ትቍጠር፤ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለው 50ና ከዚያ በላይ፥ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው።

እንጥል ማስቈረጥ ለዚህ መድኀኒት መስሎ የሚታያቸው አሉ። ሕመሙ ያለው ከታች በሳንባ ውስጥ ሆኖ ሳለ ከላይ ጉሮሮን ማድማት ሕፃኑን ለሌላ አደጋ ያጋልጠዋል፤ ሐኪም የሚያይበትንም ጊዜ ያባክናል። ሳል ይዞት ትንፋሹ የፈጠነ ወይም ደረቱ የሚሰረጐድ ሕፃን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ጡት መጥባት ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቈረ ሌሊትም ቢሆን አይቈይ። ዕድሜው 2 ወር ያልሞላው ግን ትንፋሹ በጤናውም ጊዜ አንዳንዴ ስለሚዛባ፥ 60 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ቢገኝ ወዲያው ሁለተኛ ይቈጠር፤ ዳግመኛም እንዲሁ ከሆነ ሳይዘገይ ሐኪም ይየው።